ደህና የማይባልበት አገር

ፀሐይ ወደ ማደሪያዋ ስታዘቀዝቅ፣ እኔ ባዘዘው፣ የባህል ቡድናችን መሪ አቀንቃኝ፣ ከልምምድ ተመልሼ ተክዤ ጋደም አልሁ። ድምፄ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ማለት ጀምሯል፤ ነገ ደግሞ በዓሉን እኔ ነኝ የምመራው። ዘፈን ትቶ የቡድኑን አለቅነት የያዘው አቶ ልየው በሰው ሁሉ ፊት «ከስድስተኛ ክፍል የወጣኸው አነሰህና ዛሬ ደግሞ ከዜማ ወጣህ» ብሎኛል። ይህችን ቃል መቃብር ድረስ ይዣት እወርዳለሁ። የሄድሁበት ሐኪምም ቢሆን አፌን አስከፍቶ በባትሪ አየና «ጉሮሮህ ንጹሕ ነው» ብሎ ሸኘኝ እንጂ፣ ምን ይሰማሃል ያለኝ የለም። ማን ሆኜ ልጠየቅ። ይህን እያመነዠግሁ እንቅልፍ ጣለኝ።

እነሆም ራሴን ሰፊና ለምለም ከተማ ውስጥ አገኘሁት። ከመሪጌታ እስከ መናኸሪያ ተሳፋሪ ጠሪ፣ በድምፁ የሚያድር ሁሉ በዋርካ ጥላ ተቀምጦ ወረቀት ይሞላል። አንገታቸው ላይ አረንጓዴ ክር ያሰሩ ደግሞ ድምፃቸውን እያሳረፉ ናቸውና በእጅ ብቻ ሰላም እየተባባሉ፣ ሞቅ ያለ አጥሚት እየጠጡ ይንሸራሸራሉ፤ ሚስቶቻቸውም በጸጥታው እጅግ ደስ የተሰኙ ይመስላሉ። መንገዱን የምትመራኝ እትዬ ስመኝ ነበረች፤ ከእኔ በፊት ቡድናችንን ስትመራ ድምፅዋ የተዘጋና ዳግም ሳትዘፍን በሞት ያረፈች።

«እትዬ፣ ምንድን ነው የሚሞሉት?»

«ሐኪሙ ጉሮሮውን ሳያይ ባለጉሮሮውን የሚጠይቅበት ነው፣ ባዜ። መጀመሪያማ ከሽፎ ነበር። ‹ድምፅዎ እንዴት ነው?› ቢል ሰዉ በሙሉ ‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና› ብሎ ሞላ። መናገር ያቃተው እንኳ ‹ደህና› ብሎ ጻፈ።»

ሳቅሁ። «ታዲያስ?»

«ጥያቄውን ለወጡት። በል አንብብ።»

አነበብሁ። ከዘፈንህ በኋላ ልጅህን ከደጅ መጥራት ያቅትሃል? ከፍ ያለው ዜማ ሲመጣ ለተቀባዮች ትተህ አፍህን ብቻ ትከፍታለህ? ድምፅህን እንዳይሰሙብህ ከሰው ትሸሻለህ? ከየጥያቄው ሥር «በፍጹም፣ አንዳንዴ፣ ሁልጊዜ» ይላል።

«የእኔን ጉድ ማን ነገራቸው?»

«ማንም። የታመመ ሁሉ እንዲህ ነው። አንተ ብቻ የተናቅህ መስሎህ ነው እንጂ።»

«‹ሁልጊዜ› ብዬ ከሞላሁ እኮ ልየው ቦታዬን ለሌላ ይሰጥብኛል።»

«ካልሞላህ እኔን ትሆናለህ፤ ቦታውም የለ፣ ድምፁም የለ።»

በዚያው ቅጽበት አረንጓዴ ክር ካሰሩት አንዱ፣ ድምፁን አሳርፎ ጨርሶ፣ ክሩን በጠሰና አደባባይ ወጣ፤ ዜማውን ገና ሲያነሳው ሰማዩ የተከፈተ መሰለ፤ ከተማው በእልልታ ተናወጠ። እኔም ብዕሩን አንስቼ «ሁልጊዜ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ነቃሁ። ነግቷል።

ያየሁትን ሁሉ ለመንገር ቆርጬ በቀጥታ ወደ ቡድኑ ሄድሁ። ሕልሜን አንድም ሳላስቀር አወራሁና «ዛሬ አልመራም፣ ጉሮሮዬ ታሟል። ከእናንተስ ከፍ ያለው ዜማ ሲመጣ አፉን ብቻ የሚከፍት ማነው?» አልሁ።

ተያዩ። ከተቀባዮቹ አንዱ እጁን አነሳ። ሌላውም ተከተለ። ከኋላ ደግሞ አቶ ልየው፣ ቀና ሳይል፣ የእሱን አነሳ።

«እኔ ወድጄ ዘፈን የተውሁ ይመስልሃል?» አለኝ በሻከረ ድምፅ።

ይቅር አላልሁትም። ግን ከአጠገቤ ቦታ ለቀቅሁለት።