ለሳብሪን ያልተፈቀደው ምርመራ

ኤብላ ከኤረር ተነስታ ጅግጅጋ ሆስፒታል የገባችው ሕፃን ልጇን ሳብሪንን አዝላ ነበር። ልጅቷ ለሳምንታት ስታስል ከርማ አጥንቷ ወጥቷል። ሐኪሞቹ ሳንባ ነቀርሳ ጠረጠሩ፤ ሕፃን ግን ለምርመራ የሚሆን አክታ አውጥታ መስጠት አትችልም።

በሆስፒታሉ ከውጭ አገር ተመራማሪዎች ጋር የሚካሄድ ጥናት አለ። በሽታውን ከጣት በሚወሰድ የደም ጠብታ ለመለየት ይሞክራል። ኤብላ ይህን እንደሰማች የጥናቱን ነርስ ሆዳንን እጇን ያዘቻት።

«አባዮ፣ እህቴ፣ የእሷንም ደም ውሰጂላት።»

«የተፈቀደው ለአዋቂ ብቻ ነው። ለሕፃናት ገና አልተረጋገጠም።»

«በእኔ ስም አድርጊው! ወላሂ ለማንም አልናገርም።»

ሆዳን አላስቻላትም፤ የጥናቱን ኃላፊ ዶክተር ሀብተየስን ለመነችው።

«ምርመራው ተሳስቶ ነፃ ናት ቢለንስ? ሳትታከም ልንሰዳት ነው?» አላት።

ስለዚህ የዋጠችውን አክታ ለማግኘት በሳብሪን አፍንጫ ቱቦ አስገብተው ከጨጓራዋ ፈሳሽ ቀዱና ለተለመደው ምርመራ ላኩት። ውጤቱ ዘገየ። ሳብሪን አንገቷ ደርቆ መንቀጥቀጥ ስትጀምር፣ በሽታው ወደ አንጎሏ መድረሱ ገባቸው። ውጤቱን ሳይጠብቁ መድኃኒቱን ወዲያውኑ ጀመሩላት፤ ግን አልተረፈችም።

ውጤቱ ከቀብሯ በኋላ መጣ፤ ሳንባ ነቀርሳ ነበር። ሆዳን ወደ ኤረር ልትመለስ ለነበረችው ኤብላ መናኸሪያ ድረስ ሄዳ ነገረቻት።

ኤብላ፣ «ያን ጠብታ ደም ብትወስጂላት ኖሮ ትተርፍልኝ ነበር?» አለቻት።

«አላውቅም» አለች ሆዳን። እውነቷን ነበር።

«እኔስ ይህን ሳላውቅ እንዴት ነው የምኖረው?»

የመኪናው ረዳት ተሳፋሪ ሲጠራ፣ ኤብላ ባዶ ማዘያዋን በደረቷ ታቅፋ ገባች። ሆዳን መኪናው ከሄደ በኋላም እዚያው ቆማ ታለቅስ ነበር።