መስቱራ ደመና ውስጥ የገባች ቀን

መስቱራ አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ የኖረችው ሜዳ ላይ ነው። ተወልዳ ያደገችው መተማ፣ ያገባችው ሽንፋ፤ ባሏ ከሞተ በኋላም ጨርቅና ሳሙና የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ እዚያው ሽንፋ ነበረች። ተራራ ለእሷ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን በምሥራቅ በኩል የሚታይ ሰማያዊ ነገር ነው፤ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ሰው እዚያ ላይ ቤት ሠርቶ እንደሚኖር ብታውቅም ከልቧ አምናው አታውቅም ነበር።

በ1981 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንድ የሰሊጥ አጫጅ ወደ ሱቋ መጣ። ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ደገኛ ነው። ምንም ሳይገዛ በሩ ላይ ብዙ ቆመ።

«የኢሳ እናት እርስዎ ነዎት?» አላት።

ኢሳ አንድ ልጇ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር፤ ደብዳቤው ከተቋረጠም ዓመት አልፏል።

«ነኝ» አለች መስቱራ።

«ቸሩ እባላለሁ። ልጅዎ በሕይወት አለ። እናቴ ቤት ነው ያለው። እንዲያምኑኝ ምልክት ሰጥቶኛል፤ ገና ሲድህ ጉትቻዎን ስቦ የግራ ጆሮዎን ቀዶታል አሉ።»

መስቱራ እጇን ወደ ሻሿ ሰደደችና የተቀደደ ጆሮዋን ያዘች።

አጨዳው እስኪያልቅ ሦስት ሳምንት ጠበቀችው። በጦርነቱ ምክንያት የጎንደሩ መንገድ መኪና አያሳልፍም ነበርና በእግር ከመውጣት ሌላ መላ አልነበረም። ሱቋን ለጎረቤቷ ለረቢዓ አደራ ሰጠች። ከቸሩ ጋር በትራክተር ተጎታች ላይ ተሳፍረው ተራራው ግርጌ እስካለው የመጨረሻ እርሻ ድረስ ሄዱና እዚያ አደሩ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ዳገቱን ጀመሩ።

ቸሩ ዱላውን ለእሷ ሰጥቶ ከፊት ሆነ። «ትንፋሽዎ ሲያጥር ይቁሙ። እኔን ለመከተል አይቸኩሉ፤ ተራራው የትም አይሄድም» አላት።

መጀመሪያ ያለፉት ሽመል በሚባለው የቆላ ቀርከሃ ጫካ ውስጥ ነው። ነፋስ በሌለበት ቅጠሉ ይንሾካሾካል። መንገዱ ሲጠማዘዝ ፀሐይዋ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እየሆነች መስቱራ አቅጣጫው ጠፋባት። ጥቂት እንደወጡ ጆሮዋ ድፍን አለ። የቸሩ ኮቴ፣ የወፎቹ ድምፅ፣ የራሷ ትንፋሽ ሳይቀር ከሌላ ሰው ቤት የሚመጣ መሰላት። እግሯ ይራመዳል፤ እሷ ግን ከኋላ ሆና የምታየው ያህል ነበር።

«ምራቅዎን ዋጥ ያድርጉ» አላት ቸሩ ዞር ብሎ።

ዋጥ ስታደርግ ዓለሙ ሁሉ ድምፁ ተመለሰ።

ከድንጋይ ሥር ከሚወጣ ምንጭ ጠጡ። ውሃው ጥርሷን አደነዘዘው። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ውሃ ቀምሳ ስለማታውቅ ደግማ ደጋግማ ጠጣች፤ ፊቷን ታጠበችበት፤ እንደገናም ጠጣች። እዚያው ተቀምጠው ሲያርፉ ከትናንት ጀምሮ የምትጠይቀውን መጠየቅ ጀመረች።

«ይበላል?»

«ይበላል።»

«ይሥቃል?»

«ከእናቴ ጋር ሲሆን ይሥቃል።»

«ቆስሎ ነበር አላልከኝም? እግሩን ነው?»

«እግሩ ደህና ነው።»

«ታዲያ ለምን አብሮህ አልወረደም?»

«ፍተሻ አለ እኮ፣ እማማ። ከጦር ሜዳ የቀረ ወታደር በምን ወረቀት ያልፋል?» አለ ቸሩ። ይህን ሲል ግን የሚያየው እሷን ሳይሆን መንገዱን ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ደመናው ከላይ ወረደባቸው። ዝናቡ በዚያ ዓመት ዘግይቶ ስለወጣ ተራራው ገና እርጥበት ነበረው። መጀመሪያ የሩቁ ዛፍ ጠፋ፤ ቀጥሎ የቅርቡ፤ ከዚያ ቸሩ ራሱ ጥላ ሆነ። መስቱራ እጇን ዘርግታ ደመናውን ለመያዝ ሞከረች። መዳፏ ረጠበ እንጂ የያዘችው ነገር አልነበረም። አልፈራችም። ከታች ስታየው የኖረችው ነጭ ነገር ውስጡ ይህ መሆኑ ገርሟት ቆማ ቀረች።

«ግራው ገደል ነው» አላት ቸሩ። «የዱላውን ጫፍ ይስጡኝ፤ እርስዎ ወዲያኛውን ይያዙ።»

እንዲያ ሆነው ብዙ ሄዱ። ከዱላው በቀር የሚታያት አልነበረም። ድንገት ዱላው ቆመ።

«እማማ፣ ያልነገርኩዎት ነገር አለ።»

መስቱራ ዱላውን አጥብቃ ያዘች።

«ኢሳ ዓይኑ አያይም። ፈንጂ ነው። እናቴ ማሳ ዳር ወድቆ ስታገኘው ፊቱ ሁሉ ደም ነበር።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

እርጥብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ለምን ታች ሳለን አልነገርከኝም?»

«ራሱ አስምሎኝ ነው። ‹እዚያ ከነገርካት ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ንገራት፤ ከዚያ ወዲያ አትመለስም› አለኝ።»

መስቱራ በሁለቱም ተናደደች፤ በሚያየውም በማያየውም። ተነሥታ ቁልቁል ልትሄድ ፈለገች፤ የቁልቁሉ መንገድ ግን አይታይም ነበር። መዳፏን ፊቷ ላይ አቅርባ አየችው፤ ደብዝዟል።

«እሱ የሚታየውም እንዲህ ነጭ ነው?» አለች።

«ጠይቄው አላውቅም።»

«ማነው የሚመራው?»

«መጀመሪያ እናቴ ነበረች። አሁን ወንዝ ድረስ ብቻውን ይወርዳል። ገመድ ይገምዳል፤ ሰፈሩ ሁሉ በሬውን የሚያስረው በሱ ገመድ ነው።»

መስቱራ ነጠላዋን አጥብቃ አሰረችና ተነሣች። «በል ምራኝ» አለችው።

ከደመናው የወጡት ሳያስቡት ነው። ግንዱ ሁሉ ግራጫ ጺም ያበቀለ የጥድ ጫካ ጋ ሲደርሱ ፀሐይ በራች። መስቱራ ዞር ስትል ቆላው የለም። ሽንፋም፣ መተማም፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሱዳንም በነጭ ተሸፍኗል፤ እሷ ከሱ በላይ ቆማለች። ከዚያ ሥር ረቢዓ በሙቀት እየራሰች ሳሙና እየሸጠች እንደሆነ አሰበች። ሁሉም ነገር ዛሬ ጠዋት ሳይሆን በሌላ ዕድሜ የተወችው መሰላት። ያኔ አለቀሰች። ቸሩ ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠና ሣር እየነጨ ቆየ። ለቅሶዋ ሲበቃት ከመንገዱ ወጣ ብላ የአስርን ሶላት ሰገደች፤ ግንባሯ የነካው ሣር ቀዝቃዛና ለስላሳ ነበር።

ሲመሻሽ ስመኝ ከምትባል የቸሩ ዘመድ ቤት ደረሱ። ስመኝ እንግዳዋ ስትንቀጠቀጥ አይታ ጋቢ ደረበችላት፤ የተቆላ ባቄላም በሰፌድ አቀረበች። መስቱራ ስትናገር ከአፏ ጭስ የመሰለ ነገር ሲወጣ አየችና ደነገጠች።

«ብርድ ነው» አለች ስመኝ እየሣቀች። «እዚህ ሁላችን እንዲህ ነን።»

መስቱራም ሣቀች። እንቅልፍ እስኪጥላት ድረስ ዝም ብላ በአፏ እየተነፈሰች ታየው ነበር።

ልጇን ያገኘችው በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ነው። የቸሩ እናት ደጅ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቃጫ ይገምዳል። ኮቴ ሰምቶ ቀና አለ፤ ማን እንደሆነም አልጠየቀም። ቃጫውን አስቀምጦ እጁን ዘረጋ። አጠገቡ ተንበረከከች። ፊቷን ከግንባሯ እስከ አገጯ ቀስ ብሎ ዳሰሰው።

«ከስተሻል» አላት።

«ዳገቱ ነው» አለችው መስቱራ።