የልዑሉ ሽኝት

ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ወይዘሮ ትርንጎን በስማቸው የሚጠራ ሰው ጥቂት ነው። ሰፈሩ የሚያውቃቸው «ልዕልቷ» በሚል ነው፤ ግማሹ ከልቡ፣ ግማሹ ለሹፈት። እሳቸው ሁለቱንም በአንድ ፊት ይቀበሉታል። አያታቸው ደጃዝማች ነበሩ፤ እናታቸውም ከሸዋ ነገሥታት ዘር ይቆጠራሉ። አብዮቱ መጥቶ ትልቁን ግቢ ከወሰደ በኋላ ግን የቀራቸው አንድ የሚያፈስ የቀበሌ ቤት፣ የአያታቸው ፎቶግራፍና የልጅ ልጃቸው ወንድይፍራው ብቻ ነው። የልጁ አባትና እናት በሕፃንነቱ ስለሞቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ሁሉ ዘር የተረፈ ወንድ እሱ ብቻ መሆኑን በቀን አንዴ ካላነሱ ምግብ አይስማማቸውም ነበር።

ወንድይፍራው ጓደኛው አንድ ነው፤ ጉዲሳ። የጉዲሳ እናት ዋጋነሽ ከማዞሪያው ወዲያ ማዶ ትኖራለች፤ መንገድ ዳር ጉልት ዘርግታ ድንችና ሽንኩርት ትሸጣለች። ልጆቹ ትንንሽ ሆነው አንድ የማይረባ ልማድ ነበራቸው። ጉዲሳ ወንድይፍራውን ሊሸኝ ይመጣል። የልዕልቷ ደጅ ሲደርሱ ወንድይፍራው «ብቻህንማ አትመለስም» ብሎ ይሸኘዋል። እዚያ ሲደርሱ ደግሞ ጉዲሳ ይነሳል። እንዲህ ሲሸኛኙ ይመሻል፤ በመጨረሻ ዋጋነሽ በሽንኩርት ጆንያ ማሰሪያ እያሯሯጠች ትለያቸዋለች። አድገውም ልማዱን አልተዉትም፤ የሁለቱ ሽኝት የሰፈሩ መሳቂያ ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣ ሁለቱም አንድ ቀን ተመዘገቡ። ወረዳው ለዘማቾቹ የሽኝት ፕሮግራም ሲያዘጋጅ ልዕልቷ እንዲናገሩ ጋበዟቸው። በዚያው ጠዋት ኮሎኔል ሀምዳን ጠጋ ብሎ አናግሯቸው ነበር። ሀምዳን የሰፈሩ ልጅ ነው፤ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው።

«እማማ፣ ያለዎት አንድ ነው። ከፈለጉ ቢሮ ላስቀምጠው» አላቸው።

«አንተ፣ የማንን ዘር ነው ከጠረጴዛ ሥር የምትደብቀው?» አሉት፤ ሰው እስኪሰማ ድረስ። ሀምዳን አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ከዚያ መድረክ ላይ ወጡ። ሰውነታቸው የደከመ አሮጊት ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ያን ቀን ከየት እንደመጣ እንጃ። «በእኛ ቤት የዙፋን ዘር ከኋላ አይሄድም!» አሉ። «የድሃ ልጅ ሲሞት እሳት ዳር የሚሞቅ መኮንን እኛ ዘንድ መኮንን አይባልም! ያለኝ አንድ ነው፣ አንዱን ሰጠሁ! ፊት ነው የሚሄደው!» አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ሳያት የምትባል የጎረቤት ልጅ በስልኳ ቀርፃ «ልዑሉ ዘመተ» ብላ ለቀቀችው፤ ሳይመሽ አገር አዳረሰው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ወንድይፍራው ከግንባር አንድ ፎቶ ላከ፤ ምሽግ አፍ ላይ ቆሞ፣ ከጎኑ ጉዲሳ ጥርሱን አግጦ፣ ከኋላቸው ሁለት ጫፍ ያለው ኮረብታ። ልዕልቷ ፎቶውን ለሳያት ሰጧት። ሰጥተውም አላበቁ፣ «የአያቱን ከጎኑ አድርጊልኝ፤ ዘር ከልጓም ይስባል ብለሽ ጻፊበት» አሏት። ሳያትም እንዳሏት አደረገች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እሳቸው ግን ያን ሳምንት ቤተክርስቲያን የሄዱት ጥላቸውን ከፍ አድርገው ነበር።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት ዋጋነሽ ጉልቷን ለሰው ጥላ መጣች። ነጠላዋ ርሶ ራሷ ላይ ተጣብቋል።

«ግቢ፣ ቁጭ በይ» አሏት።

«አልቀመጥም እማማ። ከተቀመጥኩ አልናገረውም።»

የመጣችበትን ያወቁ መሰላቸው። ልጄን በኮሎኔሉ በኩል ያስመልሱልኝ ልትል ነው። መልሱን በልባቸው አዘጋጁ፤ የሰው ሁሉ ልጅ በሄደበት አንዱን ነጥሎ ማስመለስ ነውር መሆኑን በደግ ቃል ሊያስረዷት።

«ልጄን አይደለም» አለች ዋጋነሽ። «የእርስዎን ያስመልሱት።»

«ምን አልሽ?»

«ጉዲሳ ትናንት ደወለ። ጠላት ፎቷቸውን አይቶታል። ኮረብታውን ለይቶታል። በሬዲዮ እየገቡ ‹ልዑላችሁን አምጡ› ይሏቸዋል አሉ። ከዚያ ወዲህ ከባዱ መሣሪያ ሁሉ ወደ እነሱ ነው የሚተኮሰው። ግራና ቀኛቸው ያሉት ልጆች እያለቁ ነው እማማ።»

«እሱ ነው ንገሪ ያለሽ?»

«እሱማ ቢሰማ አያናግረኝም። እየሳቀ ነው የነገረኝ፤ ‹ከልዑል ጋር መሞት ማን አግኝቶት› እያለ። እሱ ይሳቅ። እኔ ግን ክብር አልፈልግም። እርስዎ ፊት ይሂድ አሉ፤ ልጅዎ ነው፣ ይሂድ። የኔን ልጅ ይዞ ለምን ይሄዳል?» አለችና አለቀሰች። «ወንድይፍራውን ጠልቼ እንዳይመስልዎ። በእጄ ያጎረስኩት ልጅ ነው። ግን እሱ እዚያ ካለ ማንም አይተርፍም።»

ወይዘሮ ትርንጎ ሙሉ ዕድሜያቸውን የሚያውቁት ነውር አንድ ነበር፤ የመኳንንት ልጅ ቤት መቅረቱ። መዝመቱ ነውር የሚሆንበት ቀን ይመጣል ያላቸው ሰው አልነበረም።

«ሂጂ፣ ላስብበት» አሏት። እሺ ማለት በአፋቸው ላይ ነበር፤ ኩራት ያዘውና ቀረ። ሊሸኟት ሲነሱ «ዝናብ ነው፣ አይነሱ» ብላ ወጣች።

ብቻቸውን ሲሆኑ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ሄደ። ፎቶግራፉ ውስጥ አያታቸው ካባ ደርበው ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ቆመዋል፤ ፊታቸው በእርጅና ደብዝዞ አይለይም። ልጅ ሆነው ደጋግመው የሰሙት ወሬ ነበር፤ በጣሊያን ጊዜ ጠላት ደጃዝማቹን በካባቸው ለይቶ ሲተኩስባቸው አሽከሮቻቸው በላያቸው እየወደቁ አዳኗቸው ይባላል። ይህ በቤታቸው የሚነገረው እንደ ሙገሳ ነው። የወደቁትን ሰዎች ስም የነገራቸው ግን የለም፤ እሳቸውም ጠይቀው አያውቁም። ዛሬ ሊጠይቁ ፈለጉ፤ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም።

ስልኩን አነሱ።

«ሀምዳን፣ ያን ያልከኝን አድርግልኝ» አሉ።

ኮሎኔሉ ቀስ ብሎ «እማማ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ተናግረው ሰው ምን ይላል?» አላቸው።

«የፈለገውን ይበል። ልጁን ከዚያ ኮረብታ አውጣልኝ። ዛሬውኑ።»

«ነገ ጠዋት መኪና ይሄዳል።»

ስልኩን ዘጉ። አፍረዋል፤ ደስም ብሏቸዋል። ደስ ማለታቸው ደግሞ ይበልጥ አሳፈራቸው። ዋጋነሽን ጠርተው እሺ ብያለሁ ሊሏት አሰቡ፤ ልጁ ሲመጣ ራሷ ታየዋለች ብለው ተዉት።

ወንድይፍራው የመጣው ከሁለት ቀን በኋላ በቀትር ነው። በሩ ላይ አቧራ እንደለበሰ ቆመ። ሊስሙት ሲጠጉ እንደ ግንድ ደርቆ ተሳመ።

«ማነው ያስወጣኝ?» አለ።

«እኔ ነኝ። ግባ እንጂ። ጉዲሳስ ደህና ነው?»

ልጁ መደቡ ላይ ተቀመጠ፤ የሚናገረውም ወደ መሬት ነበር። «መኪናው እስከ ምሽጉ አይወጣም፤ ታች መታጠፊያው ላይ ነው የቆመው። ጉዲሳ ‹ብቻህንማ አትሄድም› አለ። ተው አልኩት። ሻምበሉን አስፈቅዶ ዕቃዬን ተሸክሞ ወረደ። መኪናው ጋ ስንደርስ እንደ ልማዳችን ‹አሁን ደግሞ እኔ ልሸኝህ› አልኩት። ‹ግባ፣ እናቴ ማሰሪያዋን ይዛ ትመጣብናለች› ብሎ ሳቀ።» የጫማውን አቧራ በእጁ ጠረገ። «ሳንታጠፍ ተኩስ ሰማሁ እምዬ። እሱ ገና ሜዳው ላይ ነበር። መጠለያ የለውም። ሾፌሩን ተመለስ ብዬ ብጮህበትም ነዳው። በኋላ ሻምበሉ በስልክ ነገረኝ፤ ያን ቀን ምሽጉ ውስጥ ያለ ሰው አልተነካም። የሞተው እሱ ብቻ ነው። እዚያው ብንቀመጥ ኖሮ በሕይወት ነበር።»

ወይዘሮ ትርንጎ በርጩማው ላይ ወደቁ።

«ለምን አስወጡኝ?» አለ ልጁ። «ፊት ይሄዳል ብለው አልነበር? ፈሩ?»

ፈራሁ ቢሉት በቀለላቸው። ግን አልቻሉም፤ ዋጋነሽ በዝናብ መጥታ የለመነችውን ነገሩት። እየሰማ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ስለዚህ የገዛ እናቱ ናት...»

«ዝም በል!» ዘለው አፉን በእጃቸው ከደኑ። «ሁለተኛ ከአፍህ እንዳትወጣ!»

«እንዴት እንደሞተ ማወቅ አለባት። ሊሸኘኝ ወጥቶ ነው ብዬ እኔው እነግራታለሁ።»

«ከዚያስ? ማነው ያስወጣህ ስትል ምን ልትላት ነው? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ብሎ ይህ ሰፈር ይተርትባት? ሰፈሩንስ ተወው። ሌሊት ብቻዋን ስትሆን ለራሷ ምን ትለዋለች?»

«ታዲያ ምን እንበላት?»

«አንተ ምንም አትልም። የምለውን እኔ አውቃለሁ። በአባትህ አጥንት፣ ወንድይፍራው፣ ዝም እንድትል።» ልጁ እያለቀሰ ማለ።

የእድሩ ዳኛ አቶ ወዬሳ መርዶውን በማግስቱ ንጋት ላይ አረዱ። ሽማግሌዎቹ በር ሲያንኳኩ ዋጋነሽ ከፍታ አየቻቸው። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ብዛት፣ ጋቢ ለብሰው የሚመጡ ሰዎች የሚያመጡት አንድ ነገር ብቻ መሆኑን የማያውቅ የለም። ማንም ሳይነግራት «ጉዲሳ!» ብላ ወደቀች። ጩኸቷ ማዞሪያውን ተሻግሮ ልዕልቷ ቤት ድረስ ተሰማ፤ እሳቸው ተነስተው ልብሳቸውን ለብሰው ተቀምጠው ነበር።

ድንኳኑ ቀትር ሳይሆን ሞላ። ዋጋነሽ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ድምጿ ሰልሏል። ወንድይፍራው ከእግሯ ሥር አንገቱን ደፍቶ ጋቢ ተከናንቧል፤ ሲገባ አቅፋው ነበር ያለቀሰችው። ልዕልቷ ሲመጡ ሰው ተነስቶ ቦታ ለቀቀላቸው። ከፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ሰው አልቅሶ ጋብ ሲል ዋጋነሽ ቀና አለች።

«እማማ» አለች። «ለምኜዎት ነበር። ያን ቀን ደወሉ?»

የወንድይፍራው ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አዩት። እውነቱ በጣም አጭር ነበር፤ አዎ ማለት ብቻ። አዎ ካሉ ስማቸው ይተርፋል፤ አሮጊቷ ኩራቷን ውጣ የጎረቤቷን ልጅ ልታድን ሞከረች ይባላል። ዋጋነሽ ግን ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ ትጠይቃለች። መቼ ወጣ፣ በምን ወጣ፣ ጉዲሳ ያኔ የት ነበር። ጥያቄው ሁሉ ዞሮ በዝናብ ወደ ሄደችበት መንገድ ይመልሳታል።

«አልደወልኩም» አሉ።

ሰው ሁሉ የተሳሳተ ነገር የሰማ መሰለው። ስለዚህ ደገሙት፤ ድምፃቸውን እንደ ሽኝቱ ቀን ከፍ አድርገው። «አልደወልኩም። በሕዝብ ፊት ፊት ይሂድ ብዬ መልሼ ላስመጣው ክብሬ አልፈቀደልኝም። ልጅሽ ሲሞት ጊዜ ነው የኔን የፈራሁለት። ያኔ አስወጣሁት።»

ከሴቶቹ አንዷ «ኧረ በማርያም!» ስትል ሌላዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አቶ ወዬሳ መሬት መሬት አዩ። ዋጋነሽ አየቻቸው፤ ፊቷ ላይ ሐዘኗ የሚይዘው ነገር አገኘ፤ ቁጣ። ወይዘሮ ትርንጎ ያን አይተው በፍርሃትና በእፎይታ መሃል ሆኑ።

«ያ ዋቅ» አለች ዋጋነሽ በኦሮምኛ አምላኳን ጠርታ፤ ከዚያ በአማርኛ፣ «እርስዎ ሰው አይደሉም። ከልጄ ለቅሶ ውጡልኝ።»

ተነሱ። ወንድይፍራው ሊደግፋቸው ብድግ ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

«አንተ እዚያው ሁን። ልጇ ነህ» አሉት። ተመልሶ ተቀመጠ፤ ዋጋነሽ ክንዱን ጭብጥ አድርጋ ያዘችው።

በዚህ ሰፈር አሮጊት ከለቅሶ ስትወጣ አንዱ ተነስቶ ክንዷን ይዞ እስከ አስፋልቱ ያደርሳታል፤ የማይተዋወቅ እንኳ ያደርገዋል። ሰዎቹ እግራቸውን ሰብስበው መንገድ ለቀቁላቸው፤ የተነሳ ግን የለም። ሳያት ብድግ ልትል እናቷ ጎትታ አስቀመጠቻት። ውጭ ፀሐይ ነበር፤ እሳቸውን ግን በረዳቸው። ፊት መሄድ ሰውን እንዲህ ብቻውን የሚያስቀር መሆኑን በቤታቸው ማንም አልነገራቸውም ነበር። ነጠላቸውን ሰበሰቡና የጉዲሳና የወንድይፍራውን የድሮ መንገድ ይዘው፣ ማዞሪያውን ዞረው ወደ ቤታቸው ሄዱ። የሸኛቸው ሰው አልነበረም።