ሚጢጢ ብቻዋን የቀረችበት ሳምንት

የጥርስ ሐኪሙ የዓሣውን ገንዳ ተራ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ያስቀመጠው ለጌጥ ብሎ አልነበረም። ክሊኒኩ ጠባብ ስለሆነ የመሰርሰሪያው ድምፅ በበሩ ሥር እየሾለከ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ወኔ ይሰልብ ነበር። ታካሚዎቹ የሚያዩት ነገር ካገኙ የሚሰሙትን ይረሱ ይሆናል ብሎ ነው። ሐሳቡም ሠርቶለታል፤ ገንዳው ከመጣ ወዲህ ተራው ሳይደርስ እግሬ አውጪኝ የሚል ሰው ቀንሷል።

ገንዳው ውስጥ ሁለት ወርቃማ ዓሣዎች ነበሩ። ትልቁ አለቃ፣ ትንሿ ሚጢጢ ይባላሉ። ስሙን ያወጣችላቸው ካርድ የምትጽፈው፣ ስልክ የምታነሳውና ተራ የምትጠራው እንግዳ ተቀባይ ናት፤ የሚያበላቸውም ሌላ ሰው አልነበረም። አለቃ ስሙን በሥራው ያገኘ ነው። ምግብ ጠብ ሲል ቀድሞ ይደርሳል፣ ሚጢጢን በጎኑ ገፍቶ ጥግ ያስይዛታል፣ ከጠገበ በኋላም ለወጉ ያህል አንድ ዙር ያባርራታል። እንግዳ ተቀባይዋ አራት ዓመት ሙሉ ይህን ስታይ ሚጢጢ አንጀቷን ትበላው ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት በሩን ከፍታ ስትገባ አለቃን በጎኑ ተንሳፍፎ አገኘችው። ዕድሜው ገፍቶ ነበር፤ ሰሞኑንም ዋናው ከብዶት አይታዋለች። ዶክተሩ ጓንት አጥልቆ በጥንቃቄ አወጣው፣ በፋሻ ጠቀለለው፣ በረንዳው ላይ ካለው ትልቅ የአበባ ማሰሮ ውስጥ ቀበረው። ሲጨርስ ፊቱ ላይ አንዳች የሳቅ ምልክት ሳይታይ የአለቃን ካርድ ዝጊው አላት። እሷ ያዘነች መስላ ብትቆምም ውስጥ ውስጡን ደስ ብሏታል። ለሚጢጢ ቀን ወጣላት አለች በልቧ።

ያን ጠዋት ምግቡን ከወትሮው ጨምራ በተነችላት። ሚጢጢ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም፤ ከውሃ ማጣሪያው ጀርባ ገብታ ተሸጎጠች። ረቡዕም እንደዚያው ሆነ። ሐሙስ ላይ ቀለሟ ገረጣ፣ ክንፎቿን ከሰውነቷ ጋር አጣብቃ ባለችበት ቆመች። ያልተበላው ምግብ ገንዳው ግርጌ ተከማችቶ ውሃውን አደፈረሰው። እንግዳ ተቀባይዋ ኩም አለች።

ታካሚው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዲት አስተማሪ ሐዘን ነው አለች፤ አንድ የታክሲ ሹፌር የለም ብርድ ነው አለ፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ጥርሷን ሳያማት አይቀርም ብለው ክፍሉን አሳቁት። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። የሚያዩት ሲያጡ መሰርሰሪያውን ማዳመጥ ጀመሩ፤ በዚያው ቀን ሁለት ሰዎች መኪናቸውን መጥፎ ቦታ እንዳቆሙ ድንገት ትዝ ብሏቸው ወጥተው ቀሩ።

አናጢው የመጣው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ይህ ሰው ትከሻው በር የሚሞላ፣ ሙሉ ሳንቃ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ጎልማሳ ነው፤ የጥርስ ነገር ሲነሳ ግን በር በሩን ያያል። ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ይዞ ሦስቴም ከተቀመጠበት ተነስቶ ሄዷል። ያን ቀን ጉንጩ ዳቦ አክሎ ነበር። ገንዳው ፊት ተቀምጦ ዓሣ ሲፈልግ ቆይቶ ከማጣሪያው ጀርባ የጭራ ጫፍ አየ። ምን ሆና ነው ብሎ እንግዳ ተቀባይዋን ሲጠይቃት ሁሉንም ነገረችው። ከዚያ በኋላ ስለ ጥርሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ተራው ሲጠራም ነገ እመለሳለሁ ብሎ ወጣ። እሷም የተለመደው ነው ብላ ካርዱን ወደ ቦታው መለሰች።

በማግስቱ ግን መጣ። በብብቱ ከቁም ሳጥን በር የተረፈ ቁራጭ መስታወት ይዟል። በገንዳው ጎን ከውጭ አስደግፎ አቆመውና ሁለቱም ራቅ ብለው ጠበቁ። ጥቂት ቆይቶ ሚጢጢ ብቅ አለች። ወደ መስታወቱ ተጠጋች፤ ወደ ግራ ስትል ያችኛዋም ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስትል ያችኛዋም ወደ ቀኝ። እንግዳ ተቀባይዋ ቶሎ ብላ ቁንጥር ምግብ ጣለች። ሚጢጢ አንዷን ፍሬ ዋጠች። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት አምስት ሰዎች ሲያጨበጭቡ ዶክተሩ ምን መጣ ብሎ በሩን ገርበብ አድርጎ አየ።

ደስታው ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ያችኛዋ ዓሣ አትገፋ፣ አትቀድም፣ አትነካ። ሚጢጢ አፏን የገንዳው ግድግዳ ላይ ለጥፋ ቆየች፣ ዞራ በኋላ በኩል ፈለገቻት፣ እንደገና ፈለገቻት፣ በመጨረሻ ወደ ጥጓ ተመለሰች። አናጢው መስታወቱን አነሳው።

«ጥሩ አልሠራሁም» አላት ቀስ ብሎ። «አታለልኳት እኮ።»

«በልታለች እኮ ጋሼ። አንድም ብትሆን በልታለች።»

«ይሁን፤ ግን እውነተኛ ሰው እንፈልግላት።»

ሰው ያለው ዓሣ ለማለት ነበር፤ ማንም አላረመውም።

እንግዳ ተቀባይዋ የምሳ ሰዓቷን ጠብቃ ሁለት መንገድ ተሻግራ ወደ ጌጥ ዓሣ መሸጫው ሄደች። የሱቁ ባለቤት እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው የሰበሰቡ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። አስቀድማ ስትደውልላቸው ከገንዳው ውሃ በጠርሙስ ቀድታ እንድትመጣ ነግረዋታል። አንዲት ቀጭን ወረቀት ውሃው ውስጥ ነክረው ቀለሟን አዩና ምግቡ በስብሶ ውሃውን እንዳበላሸው፣ መጀመሪያ ሲሶውን መቀየር እንዳለባት ነገሯት። እሷ ግን ከውሃው ይልቅ ሌላ ነገር ይከነክናት ነበር።

«እማማ፣ እኔ እኮ ሲሞት ደስ ብሎኝ ነበር። ሲያሰቃያት ነው የኖረው።»

ሴትዮዋ አልተቆጧትም። «ማባረሩን ያባርራት ነበር። ቀድሞ የሚወጣውስ ማን ነበር?»

«እሱ።»

«እሱ ሲወጣ የሚያስፈራ ነገር እንደሌለ ታውቃለች። እሱ ሲበላ የሚበላ መሆኑን ታውቃለች። አሁን ማንን አይታ ትውጣ ልጄ?»

እንግዳ ተቀባይዋ አራት ዓመት አንድ ገንዳ ፊት ተቀምጣ ያየችው ግፊያውን ብቻ ነበር። ሴትዮዋ አንድ ዓሣ ብቻ እንዳትወስድ መከሯት፤ አንድ ከሆነ ጭቅጭቁ ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል፣ ሁለት ከሆኑ ይካፈሉታል። የፌስታሉ ውሃ ከገንዳው ውሃ ጋር እስኪስማማ ዓሣዎቹን ከነፌስታላቸው አሥራ አምስት ደቂቃ ገንዳው ላይ ማንሳፈፍ፣ መብራቱንም ማጥፋት አለባት።

ቅዳሜ ጠዋት ውሃው ተቀይሮ፣ መብራቱ ጠፍቶ ሁለት አዲስ ዓሣዎች የያዘው ፌስታል ተንሳፈፈ። የፌስታሉን አፍ ይዞ የቆመው አናጢው ነው። ማንም ሳይጠራው መጥቷል። ዶክተሩ ወጥቶ ምን ያህል ይቆያል ብሎ ጠየቀ፤ ነገሩት።

«ለእኔም አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃኛል» አለና የአናጢውን ክርን ያዝ አደረገ። እንግዳ ተቀባይዋ ፌስታሉን ተቀበለችው። አናጢው ዓይኑን ከዓሣዎቹ ሳይነቅል እየተሳበ ገባ፤ ልብ ሲል ወንበሩ ላይ ተጋድሟል፣ ማደንዘዣውም ተወግቷል።

ሲወጣ አፉ ጥጥ ሞልቶ ፊቱ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ጥርሱን በወረቀት ጠቅልሎ እንደ ሜዳልያ ይዞታል። እሱን ሲጠብቁ ስለነበር እንግዳ ተቀባይዋ ያኔ ፌስታሉን ፈታችው። አዲሶቹ ዓሣዎች ወጡና በድንጋጤ ከማጣሪያው ጀርባ ሚጢጢ ላይ ሄደው ተከመሩ። ሚጢጢ ቦታ ሲጠባት ወጣች። እንግዳ ተቀባይዋ ምግብ ጣለች። ሚጢጢ ዞራ ሁለቱን ፈሪዎች አየች፣ ከዚያ ወደ ላይ ወጥታ አንድ ዋጠች፣ ሌላም ደገመች። እነሱም አንገታቸውን አስግገው ቆዩና እሷን ተከትለው መጡ።

ከዚያ ሚጢጢ ከሁለቱ ተለቅ ያለውን በጎኗ ገፍታ ጥግ አስያዘችው፤ አንድ ዙርም አባረረችው።

እንግዳ ተቀባይዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ይህን ሁሉ ጊዜ ላንቺ ነው ያዘንኩት አለቻት፤ ብሎም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። መናገር ያልቻለው አናጢ እስክሪብቶ በምልክት ለምኖ በቀጠሮ ካርዱ ጀርባ «ሚጢጢ የሚለው ስም አሁን ይሆናታል?» ብሎ ጻፈ። ጮክ ብላ ስታነበው ክፍሉ ሁሉ ገባበት። ግማሹ እመቤት ትባል አለ፤ ግማሹ ስሟን አትንኩባት ብሎ ተከራከረ። ዶክተሩ የሚቀጥለው ይግባ ብሎ ሲጣራ ባለተራው እመቤት ካሉት አንዱ ነበር፤ ይህ ነገር ሳያልቅ አልገባም አለ።