መሪጌታን ያስነሣቸው

ሠርካለም አባቷን ልትጠይቅ ከገሳይ ተነሥታ ደብረ ታቦር የገባችው በሐምሌ ጭቃ ነበር። የወንድሟን የደምሴን ጓዳ ስትከፍት የሽንት ክርፋት አፍንጫዋን መታው። አባቷ መሪጌታ ገብረመድኅን መደብ ላይ ተኮራምተው ተቀምጠዋል። ሽሮ ጢማቸው ላይ ደርቋል፤ የሰፈረባቸውን ዝንብ እንኳ አያባርሩም። እኒህ ሰው አርባ ዓመት በማኅሌት ቆመው ያደሩ፣ የመቋሚያውን ዝማሜ ፍለጋ ተማሪ ከየአገሩ የሚጎርፍላቸው ነበሩ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ» አለቻቸው።

«ብዙነሽ፣ በሬዎቹ ገቡ?» አሏት።

ብዙነሽ እናቷ ናት፤ ከሞተች ስድስት ዓመቷ።

ደምሴ በሩ ላይ ቆሟል። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ የቀበሌ ሊቀመንበር ሆኗል። «ጃጅተዋል። ይረፉ ብዬ ነው ያስቀመጥኋቸው» አላት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከኅዳር። ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ ጓዶች ያያሉ… አንች አይገባሽም።»

ገባት እንጂ! ሽማግሌውን የቆለፈባቸው እንዳያሳፍሩት ነው። እራት ቀረበላት፤ አልነካችውም። የደምሴን የተተኮሰ ካኪ ላለማየት አባቷ ጓዳ ገብታ አደረች።

በማግሥቱ ውኃ አሙቃ አጠበቻቸው። እግራቸው እንደ ማሽላ አገዳ ደርቋል። ደምሴ ቀበሌ ሲውል ብብታቸውን ይዛ እስከ አጥሩ አደረሰቻቸው፤ በሳምንቱ እስከ ጎረቤት። አንድ ቀን መንገድ ላይ ሰገራ አመለጣቸው። ስትጠርግላቸው አቅለሸለሻት፤ ወዲያው ደግሞ የገዛ መጸየፏ ራሱ አስጠላት። አላቆመችም። ነሐሴ ሳይወጣ ዳገቱን ወጥተው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ደረሱ።

መቋሚያቸውን አስያዘቻቸው። መጀመሪያ እግራቸው ተደናገረ። በየቀኑ እየመጡ ሲቆሙ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሲዘምሙ፣ መስከረም ላይ እግራቸው አስታወሰ፤ ዜማው ተከተለ። አንድ ጧት ዳገቱ ላይ ቆም ብለው «ሠርክዬ፣ አረማመድሽ ቁርጥ የእናትሽ» አሏት። ፊቷን አዙራ አለቀሰች።

ደምሴ አባቱ መሻላቸውን ሰማ። በጥቅምት እሑድ ቀበሌው ሰፈርተኛውን ለጅምናስቲክ ሜዳ ሲያወጣ፣ የአባቱን ጥምጥም አስወልቆ የቀበሌ ቆብ ደፋባቸውና ፊት ለፊት አቆማቸው።

«ጓዶች! አባቴ ጃጅተው ነበር። አብዮታዊ ስፖርት አእምሯቸውን መለሰላቸው!» አለ። «ይመስክሩ፣ አባባ!»

መሪጌታ ዙሪያውን ተመለከቱ። «ስምንት ወር እንደ ጆንያ አስቀመጥኸኝ» አሉት። «ያስነሣችኝ ልጄ ሠርካለም ናት።»

ደምሴ ሳቀ። «አባቴ ቀልድ ይወዳሉ!» ብሎ ቀድሞ አጨበጨበ። የቀረውም ሕዝብ ተከትሎ አጨበጨበ፤ እውነቱን የሚያውቁት ጎረቤቶች ሳይቀሩ።

ሠርካለም እንትፍ አለች። ቆቡን ከአባቷ ራስ አንሥታ ሜዳው ላይ ጣለችው፤ በማግሥቱም ወደ ገሳይ ይዛቸው ሄደች።

እዚያ ሦስት ዓመት ኖሩ። ሙሉ በሙሉ ዳኑ ማለት አይቻልም፤ አንዳንዴ በልተው እንዳልበሉ ይሆናሉ፣ አንዳንዴም በእናቷ ስም ይጠሯታል። ግን በየጧቱ መቋሚያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ የጎረቤት ልጆችንም ዜማ እየደጋገሙ ያስቀጽላሉ።

አንድ ጊዜ ደምሴ ስኳር ይዞ ሊጠይቃቸው መጣ። ሠርካለም በሩን ከፈተችለት፤ መቀመጫም ሰጠችው። እጁን ሲዘረጋላት ግን ያ ጭብጨባ ጆሮዋ ላይ መጣ፤ እጇን ነጠላዋ ሥር አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች።