አራት ቂጣ የሚይዘው

በቤታችን ቂጣ ወረፋ አለው። እንደ አገራችን ልማድ ከምጣድ የሚወርደው የመጀመሪያው የላም ነው፤ እናቴ በመስኮቱ ደፍ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ በመንገዱ የምታልፈው ላምም ሰዓቷን ታውቃለች። የመጨረሻው የውሻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የአባቴ፣ የእንግዳና የእኔ ነው። የእናቴ ድርሻ ከውሻው በፊት አንድ ቦታ ላይ ይገባል፤ እሷ ግን ምድጃውን አጥፍታ፣ መደቡን ጠርጋ፣ እጇን ታጥባ እስክትቀመጥ ድረስ ከውሻው ቂጣ እኩል ይቀዘቅዛል።

ይህን ልጅ ሆኜ ሺህ ጊዜ አይቼው አላየሁትም ነበር። ያየሁት ኖርዌይ ስድስት ዓመት ስለ ሙቀት ተምሬ ሕንድ፣ ወደ ከተማችን ባቭናጋር፣ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ሙቀት ከብረት ወደ አየር እንዴት እንደሚያመልጥ በሒሳብ ማስረዳት እችላለሁ። ሻንጣዬን ግን ከመጣሁ አሥር ወር ሆኖኝ እንኳ አላራገፍኩም፤ ልቆይ ልሂድ ገና አልቆረጥኩም። ያም ሆነ ይህ አንድ ነገር ሳላደርግ አልሄድም አልኩ፦ እናቴ ትኩስ ቂጣ ስትበላ ሳላይ።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ሙቀት የሚይዝ ትልቅ ዕቃ እንገዛለን፣ እናቴ ቂጣውን ሁሉ አስቀድማ ጋግራ ትከተዋለች፣ ከዚያ አብረን ቁጭ ብለን እንበላለን። አባቴ፣ ሰው በአክብሮት “ፕራቦድ ባይ” የሚለው፣ ሰምቶ ሳይጨርስ ፊቱን አኮሳተረ። ከወደብ ጽሕፈት ቤት ጡረታ ከወጣ ወዲህ ትልቁ ሥራው ምሳ ነው። በዕቃ ውስጥ የከረመ ቂጣ የሆስፒታል ቂጣ ነው አለ፤ እሱ ደግሞ፣ እግዜር ይመስገን፣ አልታመመም። እናቴ አልተቃወመችም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። ሁሉን አስቀድማ ከጋገረች፣ ማን ስንት እንደሚበላ በምን ታውቃለች? ምድጃው አጠገብ ቆማ የሳህናችንን ድምፅ እየሰማች፣ ማን እንደራበው፣ ማን እንደከፋው ትለያለች። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቂጣ ማጉደሌን ያወቀችው እሷ ብቻ ነበረች።

ይሄኔ ልተወው ነበር። ከሩቅ አገር መጥቼ በሰው ወጥ ቤት ውስጥ ሥርዓት ላወጣ እኔ ማን ነኝ? ሐሙስ ጠዋት ግን እናቴ ራሷ፣ ዱቄት በቋጠሮ ይዛ፣ “ተነሺ ጂጊሻ፣ እንይ እንግዲህ” አለችኝ። አባቴም እንዳንታለል ብሎ ጫማውን አጠለቀ።

የቭራጅላል ባይ የዕቃ ሱቅ ከገበያው መግቢያ ላይ ነው፤ መኖሪያው ከሱቁ በላይ ፎቅ ላይ ነው። ሦስት ዓይነት አወጣልን። አንደኛው ሃያ ቂጣ የሚይዝ፣ ግድግዳው ድርብ የሆነ የብረት ዕቃ፤ ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ቀይ መብራት ያለው፤ ሦስተኛው እንደ መጀመሪያው ድርብ የሆነ፣ ግን ለትምህርት ቤት ልጅ ምሳ የሚሆን ትንሽዬ። ሦስተኛውን ያወጣው ለቁጥር ማሟያ ይመስለኛል። እኔ ቴርሞሜትሬንና ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። ባለሱቁ ቴርሞሜትሩን አይቶ ዕቃው ትኩሳት እንደሌለበት ማለልኝ።

እናቴ ዕቃዎቹን በእጇ ጀርባ እየዳበሰች ክዳናቸውን ከፈተች፣ ዘጋች። ከዚያ፣ “ቭራጅላል ባይ፣ ፎቅ ላይ ምድጃ ተለኩሷል?” ብላ ጠየቀች።

በንግድ ዘመኑ ሁሉ እንዲህ ያለ ደንበኛ አጋጥሞት እንደማያውቅ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። እናቴ ግን ቋጠሮዋን ይዛ ደረጃውን ወጥታለች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ከባለሱቁ ሚስት ጋር ትኩስ ቂጣ በጨርቅ ይዘው ወረዱ፤ ሁለቱ እንደ ድሮ ጓደኛሞች ስለ ዱቄት ዋጋ ያወሩ ነበር። በየዕቃው ሦስት ሦስት ቂጣ ገባ፣ ከሥር ስስ ጨርቅ ተነጠፈ፣ ክዳኑ ተገጠመ። ለአርባ አምስት ደቂቃ ሻይ እየጠጣን ጠበቅን። ድስት ሊገዙ የመጡ ሁለት ሴቶች ድስታቸውን ትተው ቆሙ። አባቴ የሱቁን ብቸኛ ወንበር ይዞ ዳኛ ሆነ።

ክዳኑ ሲከፈት ቁጥሮቹን ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ ኤሌክትሪኩ ሰባ አንድ፣ ትልቁ ስልሳ ሁለት፣ ትንሹ ሃምሳ ሰባት። በቁጥር ከሄድን ኤሌክትሪኩ አሸናፊ ነበር። አባቴ ከእሱ ቁራሽ ሲቆርስ ግን ቀጭ አለ። ባለሱቁ አንገቱን ነቅንቆ፣ ደረቅ ቂጣ ለሚወድ ሰው ጥሩ ዕቃ ነው አለ፤ ከሴቶቹ አንዷም ባሏ ጥርስ ስለሌለው እንደማይሆናት ነገረችው። ከሁለቱ ድርብ ዕቃዎች የወጣው ለስላሳ ነበር። አባቴ አንዱን በላ፣ ሌላውን በላ፣ ደገመ፤ ፍርዱን ግን አልሰጠም።

ባለሱቁ ትዕግሥቱ አልቆ ወደ እናቴ ዞረ። “ቫሱማቲ ቤን፣ ጋጋሪዋ እርስዎ ነዎት። ልክ ከእሳት እንደወረደው የሆነው የትኛው ነው?”

እናቴ ከሁለቱም ቀምሳ ብዙ አላመጠች። ጣሪያውን አየች። ሄዶ የማያውቀውን ከተማ መንገድ እንደተጠየቀ ሰው ሆነች።

“እሳቸውን ይጠይቋቸው” አለች በአገጯ አባቴን እያሳየች። “እኔ ከእሳት እንደወረደ በልቼ አላውቅም።”

አነጋገሯ ቅሬታ አልነበረበትም። የባለሱቁ ሚስት ከደረጃው ላይ፣ “እኔም ብጠየቅ አላውቅም” ብላ ሳቀች፤ ሁለቱ ሴቶችም ተከተሏት። ባለሱቁ ሻይ ለመድገም ቸኮለ። አባቴ በእጁ የያዘውን ቁራሽ እንደ ሰው ዕቃ አየው፣ ግን ዋጠው።

ጊዜው የእኔ መሰለኝ። ትልቁን አንስቼ፣ ሃያ እንደሚይዝ፣ ሙቀቱን ከትንሹ በአምስት ዲግሪ አስበልጦ እንደሚያቆይ፣ አብረን እንደምንቀመጥ አስረዳሁ። እናቴ እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ትንሹን አነሳች።

“ይሄ አራት ይይዛል?”

“ይይዛል። ግን ለማን ይበቃል?”

“ለእኔ” አለች።

ወደ ቤት ስንመለስ በባለሦስት እግሩ መኪና ውስጥ አኩርፌ ነበር። እሷ ያው ቆማ ልትጋግር፣ እኛ ያው ተቀምጠን ልንበላ፤ ስድስት ዓመት ተምሬ ለእናቴ ያተረፍኩላት የተማሪ ምሳ ዕቃ ነው።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት አባቴ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። የማንጎ ጭማቂው ቀርቧል፣ የባሚያው ወጥ ቀርቧል። የመጀመሪያው ቂጣ ተነፋ፣ ወረደ፣ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ላሟ ወሰደች። ሁለተኛው ተነፋ። አባቴ ሳህኑን አስጠጋ። ቂጣው ቅቤ ተቀብቶ በአጠገቡ አልፎ ወደ ትንሹ ዕቃ ገባና ክዳን ተደፋበት። ሦስተኛውም። አራተኛው ሲገባ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ቫሱማቲ፣ ረሳሽኝ እንዴ?”

“አልረሳሁም። ወረፋ ነው” አለች ፊቷን ሳትመልስ። “ከላሟ ቀጥሎ እኔ ነኝ። ከዚያ እርስዎ።”

አምስተኛውም ገባ። አባቴ ባዶ ሳህን ይዞ የቂጣ ሽታ እየሳበ ሲጠብቅ ከተወለድኩ ገና ማየቴ ነው፤ ለሳቄ መደበቂያ የማንጎ ጭማቂ ጠጣሁ። ከዚያ እንደ ወትሮው በየተራ እየተነፋ መጣልን፤ እሷም እንደ ወትሮው የሳህናችንን ድምፅ እየሰማች ቆመች። ዛሬ ስድስት በላሁ፤ “ደግ” ስትል ሰማኋት።

ምድጃው ጠፋ፣ መደቡ ተጠረገ። ሌላ ቀን ቢሆን አባቴ በዚህ ሰዓት ጋደም ብሏል፤ ዛሬ ግን አልተነሣም። እናቴ መጥታ ተቀመጠችና ክዳኑን ከፈተች። እንፋሎቱ ወደ መነጽሯ ወጣ። ቴርሞሜትሬ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ እዚያው ተውኩት። ቁራሽ ቆርሳ ወጥ አጠቀሰችበትና ቀስ ብላ አላመጠች።

“ለካ ውሸታችሁን አልነበረም” አለች። “ለሠላሳ ስምንት ዓመት ይጣፍጣል ስትሉኝ፣ እኔን ለማስደሰት ይመስለኝ ነበር።”

አባቴ እጁን ወደ ዕቃው ሰደደ፤ ከሱቁ ጋር ለማነጻጸር አንድ ቁራሽ ብቻ ቢቀምስ ምን እንዳለበት ጠየቀ። እናቴ ክዳኑን በእርጋታ መለሰችው፣ እጇንም ከላይ አሳረፈች።

“የእርስዎ ወረፋ አልፏል። የቀረው የውሻው ነው” አለች። “ከፈለጉ እሱን ያስፈቅዱ።”

ውሻው ከመስኮቱ ሥር አንዴ ጮኸ። አባቴ አንገቱን ወደ መስኮቱ አሰገገ፣ ጥቂት አሰበ፣ ከዚያ ነገ ላሟ ብታረፍድ ወረፋዋ ለማን እንደሚተላለፍ ጠየቀ።