እንደ ወተት የተናጠ ሰልባትዮ

ኑማ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። እግራችሁን ዘርጉ፣ ስልካችሁንም ለጥቂት አስቀምጡልኝ። የዝናሽንና የአንዲት አሮጌ ፔጆን ነገር ላጫውታችሁ።

ዝናሽ ቤይሩት፣ መዝረዓ ሰፈር፣ ማዳም ሲሀም ከሚባሉ ባልቴት ቤት ትሠራለች። ፔጆዋ የማዳም ሟች ባል መኪና ናት፤ ከዝናሽ በዕድሜ ትበልጣለች። ሞተሩ ጎን ተቀምጦ ነዳጅ የሚስበው ፓምፕ ከተበላሸ ወዲህ ከሕንፃው ሥር አቧራ ለብሳ ቆማለች። አምሳያው ፓምፕ ከተማውን ቢያስሱት የለም።

አንድ ሰኞ የማዳም ልጅ መጣና፣ "ማማ፣ ኸላስ፣ በቃ! ቅዳሜ ቀትር ላይ ጎታች መኪና ይመጣል። ለብረት አቅላጭ ትሄዳለች" አለ።

ማዳም ከገበታው ተነሱ። ምሳቸውንም አልነኩ።

ዝናሽ ሳህኑን ስታነሳ ይህን ሁሉ ሰማች። በዚያ ቤይሩት ላይ ቦምብ በሚዘንብበት ወራት፣ ስንቷ እህታችን አሠሪዎቿ ሲሸሹ በር ተቆልፎባት፣ ስንቷ መንገድ ላይ ተጥላ ስትቀር፣ ማዳም የፔጆዋን የፊት በር ከፍተው፣ "ግቢ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ! አንቺን ትቼ የትም አልሄድም" ብለው ነው ቦምብ ከማይደርስበት ተራራ ያወጧት። ያ መቀመጫ ነው እንግዲህ ሊቀልጥ የታሰበው።

"እኔ ቆሜ? አይደረግም" አለችና ስልኳን አነሳች።

ቡርጅ ኤል ባራጅነህ ከሚባለው ሰፈር ጋራዥ የሚሠራ ሚፍታህ የሚባል የወሎ ልጅ ታውቃለች። እጁም አፉም አያርፍም። ማክሰኞ ከሥራው ሲወጣ መጣና መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት።

"እህቴ፣ ይቺ መኪና ናት ወይስ የሙዚየም ዕቃ?"

"ሥራው ይቅደም፣ ወሬው ይደርሳል።"

"እሺ በይ። አዲስ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አለ፤ እዚያው ነዳጁ ውስጥ ተነክሮ የሚገፋ። ግን የነዳጅ ጋኑ፣ ሰልባትዮው መበሳት አለበት። ካልሆነ የፕላስቲክ ሰልባትዮ ከኋላ እንጫን..."

"የለም፣ የለም! 'ባሌ ነዳጅ ሲሞላበት የኖረው ጋን ከቦታው አይጠፋም' ብለዋል ማዳም።"

ሚፍታህ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ሰልባትዮውን አወረደ። ትነቱ እሳት እንዳይጠራ በእጅ መሰርሰሪያና በቆርቆሮ መቀስ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ አናቱ ላይ የቡና ሰሃን የሚያህል ቀዳዳ ከፈተ። በባትሪ ወደ ውስጥ አይቶ፣ "ዝቃጭ አለው። ካልታጠበ የፓምፑን ወንፊት ይደፍነዋል" አለ።

"ማጠቡን ለእኔ ተወው። የኖርኩበት ሥራ አይደል?"

ረቡዕ በረንዳ ላይ አውጥታ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠበችው። ብረቱ ሲያብረቀርቅላት እንደ ድስት ደፍታው ተኛች። ሐሙስ ጠዋት ቀና ብታደርገው፣ ውስጡ ብርቱካን መስሏል። ዝገት!

ለሚፍታህ ደወለች።

"በውሃ? ወይኔ እህቴ! በናፍጣ ነበር እኮ። ድስት መሰለሽ?"

"ቀኑን ሙሉ ድስት የሚያጥብ ሰው ታዲያ ምን ይመስለው?"

ሳቀ፤ ወዲያው ግን ድምፁ ወረደ። "ይሄ ዝገት ካልለቀቀ ፓምፑ አንድ ቀን አያድርም። ያኔ ምንም ማድረግ አልችልም።"

ዝናሽ ከሰልባትዮው ጎን ቁጭ አለች። ጥፋቱ የራሷ ነው፤ አላለቀሰችም። አገር ቤት እናቷ አፈ ጠባቡን ቅል የምታጥብበት መላ ትዝ አላት፤ እጅ አይገባበትምና ጠጠር ጨምራ ትንጠው ነበር። ብድግ ብላ ከአበባ ማሰሮዎቹ ጠጠር ለቀመች፣ የማንቆርቆሪያ ዝቃጭ የምታስለቅቅበትን ኮምጣጤ ጨመረች፣ ቀዳዳዎቹን ደፈነች። ከዚያ ትንጥ ጀመር።

ማዳም ድምፁን ሰምተው ወጡ። "ምን እያደረግሽ ነው?"

"መኪናዎን እየናጥኩ ነው ማዳም።"

ማዳም ቀረብ አሉ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው በሌላኛው ጫፍ ያዙ። ዘወር፣ መለስ፤ ሲደክማቸው ያሳርፉታል፣ ደግሞ ይነሳሉ። ማዶ ካለው በረንዳ ጎረቤታቸው፣ "ሲሀም! ቅቤው ወጣልሽ?" ብላ ጮኸች።

"ሲወጣ አቀምስሻለሁ!" አሉ ማዳም። ከሰኞ ወዲህ የሳቁት ያን ቀን ነው።

ዓርብ ማታ የጠቆረውን ኮምጣጤ ከነጠጠሩ ደፉ። ዝናሽ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጣ አለቀለቀችው፤ ውሃው ለማዛግ ጊዜ እንዳያገኝ በማዳም የፀጉር ማድረቂያ እዚያው አደረቀችው። በመጨረሻም፣ አሁንስ ተምራለች፣ በናፍጣ አራሰችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሚፍታህ ነጭ ጨርቅ አስገብቶ ውስጡን ጠረገ። ጨርቁን አወጣ፣ አገላበጠ። "የሠርግ ሰሃን አደረግሽው እኮ!" ፓምፑን ወንፊቱ ወለሉን ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው አወረደው፣ ቀዳዳውን በፓምፑ ክዳን ገጥሞ በብሎን ጠረቀመ፣ ሰልባትዮውን ቦታው መለሰ፣ ሽቦውን ዘረጋ፣ ነዳጅ ሞላ።

የጎታቹ ጥሩምባ የተሰማው ያኔ ነው። ልጅየውም አብሮ መጣ። ማዳም መሪው ላይ ተቀምጠዋል። ቁልፉን ቢያዞሩ ከኋላ "ዝዝዝ" አለ፤ ሞተሩ ግን አንዴ ሳለና ዝም።

"ያላ፣ ማማ፣ ውረጂ" አለ ልጅየው።

ዝናሽ ከመኪናዋ በር ፊት ቆመች። "አንድ ጊዜ!"

"ቱቦው ባዶ ሆኖ ነው የከረመው" አለ ሚፍታህ። "ፓምፑ ይዙር፣ ይሙላው። አሁን ይሞክሩ።"

ማዳም ሞከሩ። ሳለ፤ ደግሞ ሳለ፤ ከዚያ ሕንፃው እስኪያስተጋባ ጮኾ ተነሳ! ልጅየው እጁን ኪሱ ከትቶ ለጎታቹ ሹፌር፣ ሂድ፣ በሚል ራሱን ነቀነቀ።

ማዳም ዘንበል ብለው የፊት በሩን ከውስጥ ከፈቱና፣ "ግቢ፣ ያ ቢንቲ" አሏት ዝናሽን።

ይኸው ነው ልጆቼ። አደራ፣ ስለዚያ ክፉ ጊዜ ሲወራ ስትሰሙ፣ የተቆለፈው በር ብዙ ነውና እሱንም አትርሱ፤ ያቺን የፔጆ በር ግን አብራችሁ አስታውሱልኝ።